ከዕቃ ቤታችን፦ ያረጀ ቫኪዩም ሞተሩ ሲታወክ



በዚህ ዐምድ ዘወትር የምንጽፈው ስለ ዕቃ አጠባበቅ ነው፤ ስለ መጋረጃ፣ ስለ ብራና መጻሕፍት፣ ስለ መቅረዝና ስለ ጽና ጽፈናል። ዛሬ ግን ምንጣፍ በመጥረግ የሚያገለግሉ እናቶች ደጋግመው ያቀረቡልንን ጥያቄ እንመልሳለን። ጥያቄውም «ያረጀው ቫኪዩም ይጮኻል፣ ይግላል፣ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ ይዘጋል፤ እንጣለው ወይስ ይጠገናል?» የሚል ነው።

ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ትንሽ አይደለም። እንደ ሥርዓታችን ጫማችንን አውልቀን የምንቆመው፣ የምንሰግደው፣ ግንባራችንን የምናሳርፈው በምንጣፍ ላይ ነው። ሌሊቱን በማኅሌት የሚቆሙ አረጋውያን አባቶች፣ አስም ያለባቸው እናቶች የሚተነፍሱትም ከዚያው ምንጣፍ የሚነሣውን ትቢያ ነው። በምንጣፋችን ውስጥ የጧፍ ፍርፋሪ አለ፤ የዕጣን ዐመድ አለ፤ በጸደይ ወራት ከምድረ በዳ በኩል የሚነፍሰው ትኩስ ነፋስ የሚያመጣው ደቃቅ አሸዋም አለ። ማሽኑ ሲቆም እጃችን ወደ መጥረጊያ ይመለሳል፤ መጥረጊያ ግን ጉልሁን ቆሻሻ ይሰበስባል እንጂ ደቃቁን ወደ አየር ያነሣዋል። አዲስ መግዛትም ቢሆን የማኅበሩ ገንዘብ ከምእመናን ምጽዋት የሚገኝ ነውና ሳይመረምሩ የሚወስኑት ነገር አይደለም። ከዚህም ሁሉ በላይ የታወከ ሞተር እሳት ሊያስነሣ፣ ሰውንም በኤሌክትሪክ ሊጎዳ ይችላል።

ደግሞም በዚህች ከተማ መጥረግ ተራ ሥራ ብቻ ተብሎ አይታይም። በቅዱሳት መካናት የስታተስ ኮ ሥርዓት የትኛውን ወለልና የትኛውን ደረጃ ማን እንደሚጠርግ የይዞታ ምልክት ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ የመጥረጊያን ነገር የሚንቅ ሰው ኢየሩሳሌምን ገና አላወቃትም።

ስለ ማሽኑ ታሪክ ጥቂት እንበል። እ.ኤ.አ. በ1901 ሂዩበርት ሴሲል ቡዝ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ አቧራን በአየር ስቦ የሚሰበስብ መሣሪያ አስመዘገበ። ያ መሣሪያ ግዙፍ ነበረና በፈረስ እየተጎተተ ከቤት ውጭ ይቆምና ረጅም ቱቦው በመስኮት ይገባ ነበር። በ1902 ለንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ዘውድ መድፋት የዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ምንጣፎች የጸዱት በእርሱ ነው። ስለዚህ ይህ መሣሪያ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ ያውቃል። በ1908 ደግሞ በአሜሪካ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት በጽዳት ሥራ የሚተዳደር፣ አስም ያለበት ጄምስ ሙሬይ ስፓንግለር የሚባል ሰው በእጅ የሚገፋውን ዓይነት አስመዘገበ። ከአነስተኛ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ከመጥረጊያ እጀታና ከትራስ ልብስ የሠራው ነበር። ከመጥረጊያ የሚነሣው አቧራ ደረቱን ስለ ጎዳው ያሰበው ነገር ነው። በዚህ አገር ቋንቋ «ሾኤቭ አቫክ» ይባላል፤ ግሡ ውኃ ለሚቀዳ የሚነገር ስለ ሆነ «አቧራ ቀጂ» ብለን ብንተረጉመው ያስኬዳል።

የአሠራሩም ምሥጢር ይህ ነው። ሞተሩ ማራገቢያን በደቂቃ ከ20,000 እስከ 30,000 ጊዜ ያህል ያሽከረክራል። ማራገቢያው አየሩን ወደ ኋላ ሲገፋ ከፊቱ ባዶነት ይፈጠራል፤ የውጩ አየርም ባዶውን ሊሞላ በቱቦው ይሮጣል፤ አቧራውን ይዞ ይገባል፤ አቧራው በከረጢቱ ይቀራል፤ አየሩ ግን በማጣሪያ አልፎ ይወጣል። በአብዛኞቹ አሮጌ ማሽኖች ይኸው የሚያልፈው አየር ሞተሩን ያቀዘቅዘዋል። ይህችን አንዲት ነገር ያዙልን፤ የሞተሩ ሕመም እኩሌታው የሚመጣው ከሞተሩ ሳይሆን ከአየሩ መታፈን ነውና።

በሞተሩ ውስጥ ሁለት ነገሮች ይታወቁ። አንደኛው ኮሙቴተር የሚባለው፣ ከሚሽከረከረው ክፍል ጋር አብሮ የሚዞር፣ በመዳብ ቁርጥራጮች የተሠራ ቀለበት ነው። ሁለተኛው ካርቦን የምንለው ነው፤ በግራና በቀኝ ሁለት ሆኖ፣ በምንጭ ሽቦ እየተገፋ ቀለበቱን እየታከከ ኤሌክትሪኩን ያስተላልፋል። ካርቦን እንደ ጧፍ ነው፤ እያገለገለ ያልቃል። ማለቁ ብልሽት አይደለም፤ ተፈጥሮው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ

መሰኪያውን ከሶኬት ሳትነቅሉ ምንም አትንኩ። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። የፍጥነት መቆጣጠሪያ ያላቸው ማሽኖች ከተነቀሉም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ኤሌክትሪክ ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ ጥቂት ደቂቃ ታገሡ። በእርጥብ እጅ፣ በእርጥብ ወለል፣ ብቻችሁን ሆናችሁ በሌሊት አትሥሩ። ከረጢት፣ ማጣሪያና ቱቦ ማየት የሁሉም ድርሻ ነው፤ ሞተሩን መክፈት ግን የኤሌክትሪክ ሥራ ለሚያውቅ ወንድም ይተው።

ከባሕር ማዶ ስጦታ ለምታመጡልን ሁሉ አንድ ማሳሰቢያ አለን። የዚህ አገር ኤሌክትሪክ 230 ቮልት ነው፤ የአሜሪካ ደግሞ 120 ቮልት ነው። ለ120 ቮልት የተሠራ ቫኪዩም እዚህ በቀጥታ ከተሰካ ሞተሩ ከመጠን በላይ ፈጥኖ ይሽከረከራል፣ ይግላል፣ በጥቂት ጊዜም ይቃጠላል። የመሰኪያውን ቅርጽ ብቻ የሚቀይር ማገናኛ ቮልቱን አይቀንስም። ትራንስፎርመር ቢገዛለትም ከማሽኑ ዋት የሚበልጥ አቅም ሊኖረው ይገባል፤ ባለ 1,200 ዋት ማሽን በባለ 500 ዋት ትራንስፎርመር አይሠራም። የኢትዮጵያ 220 ቮልት ስለ ሆነ ከዚያ የመጣው እዚህ ያገለግላል።

ምልክቱ አንድ፣ ትርጓሜው ብዙ

መጻሕፍትን እንደምንተረጉም አንዱን ምልክት በአንድ መንገድ ብቻ ፈትተን አንለፍ። በቅርቡና በቀላሉ ጀምረን «አንድም» እያልን ወደ ውስጥ እንግባ። የቀለለውን ሳያዩ የከበደውን መክፈት ጊዜም ዕቃም ያባክናል።

ማሽኑ ጨርሶ አልነሣ ሲል። አንድም ሶኬቱ ነው፤ የሚሠራ መብራት ሰክታችሁ ፈትኑት። አንድም ገመዱ ነው፤ ገመድ የሚበጠሰው ብዙውን ጊዜ በመሰኪያው አንገት ወይም ወደ ማሽኑ በሚገባበት ስፍራ ነው። ተነቅሎ ሳለ በእጃችሁ ዳስሱት፤ የላላ፣ የተሰነጠቀ ወይም ውስጡ የተቆረጠ የሚመስል ስፍራ ካለ ገመዱ ይቀየር። በፕላስተር መጠቅለል መፍትሔ አይደለም፤ ቁስሉን መሸፈን ነው። አንድም ማሽኑ ግሎ ራሱን ዘግቷል፤ በብዙዎቹ ውስጥ ሙቀት ሲበዛ የሚያቋርጥ ጠባቂ አለ፤ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት አቀዝቅዛችሁ እንደ ገና ሞክሩ። አንድም ማብሪያው ነው። አንድም ካርቦኑ አልቆ ወይም በቤቱ ውስጥ ተጣብቆ ቀለበቱን መንካት አቁሟል። ቴስተር ያለው ወንድም የፍጥነት መቆጣጠሪያ በሌለው ማሽን ማብሪያውን ከፍቶ፣ ማሽኑ ተነቅሎ ሳለ፣ በመሰኪያው ሁለት እግሮች መካከል ይለካ። ጥቂት ኦም ካሳየ መንገዱ ያልተቋረጠ ነው፤ ምንም ካላሳየ አንድ ስፍራ ተቋርጧል።

ድምፁ ቀጥኖ ወደ ላይ ሲጮኽ። ብዙዎች ይህን ሲሰሙ «ሞተሩ በረታ» ይላሉ፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። አየሩ ሲታፈን ማራገቢያው የሚገፋው አየር ያንሳል፤ ሸክሙ ስለ ቀለለለት ሞተሩ ይፈጥናል፤ የሚያቀዘቅዘውን አየር ግን አያገኝም። እንግዲህ ቀጭኑ ጩኸት የመታፈን ድምፅ ነው። ከረጢቱን እዩ፤ ቀጥሎ ማጣሪያውን፤ ቀጥሎ ቱቦውን። ቱቦውን ነቅላችሁ ድምፁ ወደ ቀድሞው ከተመለሰ የታፈነው ቱቦው ነው። በእኛ ዘንድ ሁለት ነገሮች በተለይ ያፍኑታል። የዕጣን ዐመድ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ ከረጢቱ ግማሽ እንኳ ሳይሞላ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። የሰም ፍርፋሪም በሞቀው ቱቦ ውስጥ ለስልሶ ጸጉርና ክር ይሰበስባል። ሰሙን አስቀድማችሁ በእንጨት ፍቃችሁ ብታነሡት ማሽኑ ይድናል።

እየጋለ ሲዘጋ። አንድም ከላይ ያልነው መታፈን ነው። አንድም ኩሽኔታው ደርቆ ሞተሩን እየያዘው ነው። አንድም የመዳቡ ጥምጥም መቃጠል ጀምሯል። ጠባቂው ዘግቶ ሲያበቃ «ትንሽ ቀረኝ» እያሉ ደጋግሞ ማስነሣት የሞተርን ዕድሜ ከሚያሳጥሩት ነገሮች ዋነኛው ነው። በተለይ ለትንሣኤ ተሳላሚው በሚበዛበት ሰሞን ይህ እንዳይደረግ አደራ እንላለን።

እንደ ብረት ሲፋጭ ወይም ሲያጉረመርም። አንድም ሳንቲም፣ የመቁጠሪያ ፍሬ ወይም ጠጠር ወደ ማራገቢያው ገብቷል። አንድም ከፊት ያለው ተሽከርካሪ ብሩሽ ጸጉርና ክር ተጠምጥሞበታል፤ የጎማ ቀበቶውም ላልቶ ወይም ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። አንድም ኩሽኔታው አልቋል። ሞተሩ ከወጣ በኋላ ዘንጉን በጣት አዙሩት፤ ለስላሳ ከሆነ ጤና ነው፤ እንደ አሸዋ ከሻከረ ወይም ወደ ጎን ከተንገዳገደ ኩሽኔታው ይለወጥ። የተዘጋ ኩሽኔታ ዘይት አይጨመርበትም፤ ይቀየራል እንጂ። ቁጥሩ በጎኑ ተጽፏል፤ ለምሳሌ 608 የሚል ቢሆን ውስጡ 8፣ ውጩ 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቁጥሩን ይዞ የሄደ ሰው አይሳሳትም። በጣም አሮጌ በሆኑት የነሐስ ቀለበት ብቻ ይገኛል፤ ለእርሱ አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ቀጭን የማሽን ዘይት ይበቃዋል። የምግብ ዘይት ግን ውሎ አድሮ ይረጋና እንደ ሙጫ ይይዛል፤ አይሆንም። በካርቦኑና በመዳቡ ቀለበት ላይ ማናቸውም ዘይት አይድረስ።

ብልጭታ ሲታይ። በካርቦኑ ሥር ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ መኖሩ የተለመደ ነው፤ አትደንግጡ። እሳቱ ቢጫ ሆኖ ቀለበቱን በሙሉ ቢከብበው ግን ማሽኑ ይቁም። አንድም ካርቦኑ አጥሯል፤ አንድም ምንጩ ደክሟል፤ አንድም ቀለበቱ ጥላሸት ለብሷል፤ አንድም በሚሽከረከረው ክፍል ውስጥ ያለው ጥምጥም ተቃጥሏል። ካርቦን ርዝመቱ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ከወረደ ይቀየር፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይቀየሩ፤ አንዱ ብቻ አይቀየርም። አሮጌውን ለናሙና ይዛችሁ ሂዱ። ጥላሸት የለበሰው ቀለበት በጣም ደቃቅ በሆነ፣ ለእንጨት በሚሆን የብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ይጽዳ፤ ለብረት የሚሆነው ጥቁሩ ግን አይሁን፤ ብናኙ ኤሌክትሪክ ሊያስተላልፍ ይችላልና። በመዳቡ ቁርጥራጮች መካከል ያለውም ቦይ ይጽዳ። አዲስ ካርቦን ከገባ በኋላ ማሽኑን በዝቅተኛ ፍጥነት ሩብ ሰዓት ያህል አስኪዱት፤ ካርቦኑ የቀለበቱን ቅርጽ እስኪይዝ ነው።

ሽታ ሲመጣ። የአቧራ ሽታ ከከረጢቱ ነው። የጎማ ሽታ ከቀበቶው ነው። ስለታም፣ አፍንጫን የሚወጋ የቫርኒሽ ሽታ ከሆነ ግን የመዳቡ ጥምጥም እየነደደ ነውና መሰኪያውን ወዲያው ንቀሉ። ጭስ ካያችሁ ውኃ አትድፉበት፤ ነቅላችሁ ወደ ደጅ አውጡት።

በዚህ አገር «ፓሐት» የሚባለው የደኅንነት ማብሪያ ማሽኑ በተሰካ ቁጥር ሲወርድ። ይህ ከሁሉ የሚያስፈራው ምልክት ነው። ፓሐት የሚወርደው ኤሌክትሪክ ከመንገዱ ወጥቶ ወደ መሬት ሲያፈተልክ ነው፤ በመኖሪያ ቤት 0.03 አምፔር ያህል ይበቃዋል። መንገዱ የሰው አካል ሊሆን ስለሚችል ነው እንዲህ የሚቸኩለው። ለደረቅ ብቻ በተሠራ ማሽን ውኃ ከሳባችሁ፣ ወይም ማጣሪያውን አጥባችሁ ሳይደርቅ ከመለሳችሁት ይህ ይሆናል። የሚታጠብ ማጣሪያ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ፤ የወረቀቱ ግን አይታጠብም። ፓሐት ያወረደ ማሽን በሌላ ሶኬት አይሞከር፤ ጠባቂውን ለማለፍም መንገድ አይፈለግ።

በዚህ ላይ ስለ ጽና ዐመድ አንድ ነገር እንጨምር። ከሰል ከዐመድ በታች ብዙ ሰዓት ሳይጠፋ ይቆያል። የወረቀት ከረጢት፣ አቧራና የሚነፍስ አየር በአንድ ቦታ ተገናኝተው ፍም ሲጨመርባቸው እሳት ለማንደድ የጎደለ የለም። ስለዚህ የጽና ዐመድ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ይቀመጥ እንጂ በማሽን አይሳብ፤ በምንጣፍ ላይ ፍም የወደቀ እንደ ሆነም በማሽን ለማንሣት አትቸኩሉ።

እንጣለው ወይስ እንጠግነው?

አሁን ወደ እናቶች ጥያቄ እንመለስ። በዕቃ ቤታችን ካሉት አንዱ፣ ከአሜሪካ ለመሳለም የመጣች እኅት ከዚሁ ከኢየሩሳሌም ገዝታ የሰጠችን ነው። በሆቴል ክፍል በማጽዳት የምትተዳደር ስለ ነበረች የትኛው ማሽን ጠንካራ እንደ ሆነ ከእኛ ይልቅ ታውቅ ነበርና መርጣ ገዛችው። ከብዙ ዓመት አገልግሎት በኋላ ጸጥ አለ። ለጥገና ወደ ከተማ ሲወሰድ «ሞተሩ ሞቷል፤ አዲስ ግዙ» ተብሎ ሳይከፈት ተመለሰ። በኋላ የኤሌክትሪክ ሥራ የተማረ አንድ ዲያቆን ካቻቢቴ ይዞ ከፈተው፤ አንደኛው ካርቦን አልቆ፣ ሁለተኛው በዐመድ ተጣብቆ ተገኘ። ሁለቱ ካርቦኖች ተለወጡ፤ ቤታቸው ተጠረገ፤ ማሽኑም እስከ ዛሬ ቅኔ ማኅሌቱን ይጠርጋል። ያች እኅት በብዙ ክፍሎች ደክማ ያጠራቀመችው ገንዘብ በሁለት ጣት በምታህል ካርቦን ምክንያት ከመጣል ዳነ።

ነገር ግን ከዚህ «ምንም አይጣል» የሚል ትምህርት አይወጣም። ስጦታ ነው ተብሎ የሰውን ሕይወት የሚያሰጋ ዕቃ አይያዝም። ሰጪዋም ብትጠየቅ አትወድደውም። ስለዚህ ልኩ ይህ ይሁን። ከረጢት፣ ማጣሪያ፣ ቱቦ፣ ቀበቶ፣ ገመድ፣ ማብሪያ፣ ካርቦን፣ ኩሽኔታ፦ እነዚህ ይጠገናሉ፤ ይለወጣሉ። የመዳብ ጥምጥሙ የተቃጠለ፣ ፓሐት የሚያወርድና ምክንያቱ ያልተገኘ፣ አካሉ ተሰንጥቆ ውስጡ የሚታይ ከሆነ ግን በጊዜው ይሰናበት። የሚጠቅም ገመዱ፣ ቱቦውና ጎማው ለሌላው ተነቅሎ ይቀመጥ፤ ማንም ባለማወቅ እንዳይሰካው መሰኪያው ተቆርጦ የቀረው «አልቴ ዛኸን» እያሉ በመንገድ ለሚዞሩት ይሰጥ።

ለአገልጋዮች የሚሆን አጭር ሥርዓትም እንተው። ከረጢቱ ሁለት ሦስተኛው ሲሞላ ይለወጥ፤ የተቀደደ ከረጢት በአንድ ቀን ሞተሩን በአሸዋ ይሞላዋል። ማጣሪያው በየወሩ ይታይ። ማሽኑ በገመዱ አይጎተት፤ በመሰኪያው እንጂ በገመዱ ተስቦ አይነቀል። ካርቦኑ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ሥራው ሳይበዛ ይመርመር። ድምፁ የተለወጠ ዕለት ለዕቃ ቤቱ አባት ይነገር፤ የምታገለግሉበት እናቶች የማሽኑን የጤና ድምፅ ከማንም በላይ ታውቁታላችሁና «ዛሬ አንድ ነገር ሆኗል» ስትሉ እናምናችኋለን።

«ምን እናምጣላችሁ?» ለምትሉን ተሳላሚዎች ደግሞ መልሳችን ቀላል ነው። ሌላ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁን። ብዙ ጊዜ የሚጎድለን ለያዝነው ማሽን የሚስማማ ከረጢትና ማጣሪያ ነው፤ የዓይነቱ ስምና ቁጥር በዕቃ ቤቱ በር ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሩ ክፍት ነው፤ የኤሌክትሪክ ሙያ ያለው ተሳላሚም አንድ ሰዓት ቢሰጠን ወንድሞችን እያስተማረ የሚያግዘን ሥራ አናጣም።

በሚቀጥለው እትም፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፣ ምንጣፍና ልብስ ላይ የወደቀ ሰም ጨርቁ ሳይጎዳ እንዴት እንደሚነሣ እንጽፋለን። እስከዚያው ይቆየን።